በቀበሌዋ አንደኛ ትወጣ የነበረች ልጄ 9ኛ ክፍል ገብታ «ድሮም ሰነፍ ነኝ» ትላለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የማቻከሉ አባት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም ማቻከል ወረዳ ሲሆን የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። ስለ ልጆች ጠባይና ትምህርት የሚያውቅ ሰው ምክር እሻለሁ፤ ነገሩ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በቀበሌያችን ትምህርት ቤት ስትማር ከሁለተኛ በታች ወርዳ አታውቅም። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን በጥሩ ውጤት አልፋ በዚህ ዓመት ደብረ ማርቆስ 9ኛ ክፍል ገባች። ከሁለት የሰፈራችን ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተንላቸዋል። ቅዳሜ ወደ ቤት ትመጣና እሑድ ከሰዓት በሶዋን፣ ሽሮዋንና እንጀራዋን ይዛ ትመለሳለች። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከ61 ተማሪዎች 34ኛ ወጣች። ካርዷን ስትሰጠኝ አላለቀሰችም፣ ምክንያትም አልደረደረችም። «ድሮም ሰነፍ ነኝ፤ እዚህ የምበልጣቸው ልጆች የባሱ ስለሆኑ ነው አንደኛ የወጣሁት» አለችኝ። ከውጤቱ ይልቅ ይህ ቃሏ አስደነገጠኝ፤ ምክንያቱም የዚህ ዓመት ካርድ ያለፉትን ስምንት ዓመታት ድካሟን ሁሉ ፍቆ እንዳጠፋባት ተረዳሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ስትመጣ ደብተር አትገልጥም። ውኃ ለመቅዳት፣ ለመጋገር፣ ቡና ለማፍላት ግን ማንም ሳይነግራት ቀድማ ትነሣለች። «ትንሽ አጥኚ» ስላት «እሺ አባዬ» ብላ ገብታ ትተኛለች። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ደግሞ ሌሊት ድረስ ስልክ ስታይ እንደምታመሽ ነግረውኛል። ግራ የሚያጋባኝ ይህች ልጅ ራሷን መግዛት የማትችል ልጅ አለመሆኗ ነው። ፍልሰታን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ውኃ ሳትቀምስ ትጾማለች፤ እኛ እንኳ «ውኃ ጠጪ» ስንላት እምቢ ትል ነበር። ረኀብን የቻለች ልጅ ስልክ ማስቀመጥ እንዴት አቃታት?

እናቴ ጠበል ውሰዳት ትላለች፤ ባለቤቴ ተዋት፣ ራሷ ትመለሳለች ትላለች። እኔ አንድ ቀን በቁጣ ተናግሬያት እስካሁን ይቆጨኛል። ይህ የጠባይ ነገር ነውን? «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያልሁ ያበላሸኋት እኔ ነኝን? ወይስ ወደ ቤት መልሻት በአቅራቢያችን እንድትማር ላድርግ?

መልስ፦ አማካሪ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በዚሁ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ፤ የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ በወጣ ሰሞን ወደ እኔ ከሚመጡት የ9ኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ልክ እርስዎ የጻፉትን ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ልጅዎ ብቻዋን አለመሆኗን ልንገርዎ።

አንድ ልጅ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ምንስ እችላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ በልቡ የያዘው መልስ በሥነ ልቦና ትምህርት ስለ ራስ ያለ ግንዛቤ ይባላል። ይህ ግንዛቤ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ሪቻርድ ሻቨልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳስቀመጡት ቅርንጫፍ ያለው ነው፤ ስለ ትምህርት ያለው አለ፣ ከሰው ጋር ስለ መግባባት ያለው አለ፣ ስለ ስሜትና ስለ ሰውነት ያለውም አለ፤ የትምህርቱ ደግሞ በየትምህርት ዓይነቱ ይከፋፈላል። እንግዲህ እርስዎ ራስዎ የጻፉትን ይመልከቱ። ልጅዎ መጋገርና ውኃ መቅዳት ላይ ትጉ ናት፤ ሰነፍ ሰው ውኃ ለመቅዳት ቀድሞ አይነሣም። «እችላለሁ» የሚለው ስሜቷ ሳይነካ ወደ ቀረበት ቦታ እየሸሸች ነው። የተሰበረው ቅርንጫፍ የትምህርቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ይሁን ወይም በአንድ ሁለት ትምህርት ብቻ ገና አላወቅንም።

ሁለተኛው ነገር ንጽጽሩ ነው። ልጅ ችሎታውን የሚለካው አጠገቡ በተቀመጡት ልጆች ነው። ኸርበርት ማርሽ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህንን «ትልቅ ዓሣ በትንሽ ኩሬ» በሚል ስያሜ አጥንቶታል፤ እኩል ችሎታ ካላቸው ሁለት ተማሪዎች መካከል ብርቱ ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ክፍል ያለው ስለ ራሱ ዝቅ ያለ ግምት ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት ይኸው ነገር በ26 አገሮች ከ100 ሺህ በላይ በሆኑ የ15 ዓመት ተማሪዎች ላይ ታይቷል፤ የልጅዎ ዕድሜ መሆኑ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው ክፍሏ ውስጥ የተቀመጡት የየቀበሌያቸው አንደኛና ሁለተኛ የነበሩ ልጆች ከከተማው ልጆች ጋር ተደባልቀው ነው። የቀበሌዋ አንደኛነትና የዚህ 34ኛነት በአንድ ሚዛን የተመዘኑ አይደሉም፤ እሷ ግን በአንድ ሚዛን መዝናቸዋለች።

ሦስተኛው ችግርን የመቋቋሚያ መንገዷ ነው። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ሁለት ዓይነት መንገዶችን ለይተው አሳይተዋል። አንዱ ችግሩን ራሱን መጋፈጥ ሲሆን ሌላው ችግሩ ያመጣውን ስሜት ማስተናገድ ነው። የመጀመሪያው ለሚለወጥ ነገር ይበጃል፤ ሁለተኛው ሰው ሊለውጠው በማይችለው ነገር ላይ ዋጋ አለው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቻችን ማድረግ የሚችሉት ስሜታቸውን መያዝ፣ መጸለይ፣ እርስ በርስ መጽናናት ነበር፤ ያ ትክክል ነበር። አሁን ግን ልጅዎ ሊለወጥ የሚችለውን ነገር እንደማይለወጥ ቆጥራ ከሁለቱም ወጥታ መሸሽን መርጣለች። ስልኩም እንቅልፉም የመሸሻ በሮች ናቸው፤ «ሰነፍ ነኝ» ማለቱም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱም በተፈጥሮው ሰነፍ የሆነ ሰው መሞከር አይጠበቅበትም።

«ጎበዝ» ስላሏት ራስዎን አይክሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ ባሳተሙት ጥናት ለአእምሯቸው ብልህነት የተመሰገኑ ልጆች ከወደቁ በኋላ ለጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል፤ ነገር ግን አንድ የአባት ቃል ብቻውን ልጅን አያፈርስም። ይልቅ አንድ ነገር ልለምንዎ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካርዱን ሳይሆን የታረሙ የፈተና ወረቀቶቿን ይዛ እንድትመጣ ይንገሯት። ሳይቆጡ አጠገቧ ተቀምጠው የተሳሳተችውን ጥያቄ አንድ በአንድ «እዚህ ላይ ምን አስበሽ ነበር?» እያሉ ይጠይቋት። የወደቀችበት ቦታ የት እንደሆነ ሳይታወቅ ማንኛችንም መድኃኒቱን መናገር አንችልም።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ቡሬ

የአማካሪውን ጽሑፍ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ነገሩ የረቀቀ መሰለኝ። ለ17 ዓመታት አስተምሬያለሁ። ልጆች የሚወድቁት ራሳቸውን መግዛት ስለማይችሉ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ሚሼል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመረውን ሙከራ ብዙዎቻችን በመምህራን ማሠልጠኛ ተምረነዋል፤ ማርሽማሎው የሚባል ጣፋጭ ፊቱ ተቀምጦለት ሁለተኛው እስኪመጣ የታገሠ ሕፃን ኋላ በትምህርቱም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972ና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆች ከልጅነታቸው ጀምሮ ክትትል ተደርጎላቸው፣ በልጅነታቸው ራሳቸውን መግዛት የተሳናቸው 32 ዓመት ሲሞላቸው በጤናም፣ በገንዘብም፣ በወንጀልም የከፋ ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚህ ልጅ ፊት የሚጠብቃት ይህ ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው ስልኩን ይውሰዱባት፣ የጥናት ሰዓት ይቁረጡላት፣ ይቆጣጠሯት ነው። ክፋት ፈልጌ እንዳልሆነ ይረዱልኝ፤ ብዙ ብሩህ ልጆች በእጄ ላይ ሲጠፉ አይቻለሁና ነው።

መልስ፦ አማካሪ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

የቡሬው መምህር፣ ጭንቀትዎ የእኔም ጭንቀት ነው። የዱኒዲኑ ጥናት ትልቅ ሥራ ነው፤ የልጅነት ራስን መግዛት ለኋላ ሕይወት እንደሚጠቅም አልክድም። የጣፋጩ ሙከራ ግን ብዙ ጊዜ በግማሹ ስለሚነገር ልጨምርበት።

ሚሼል ራሱ ያየው ሕፃናቱ በጉልበት እንዳልታገሡ ነው። ዓይናቸውን የሸፈኑ፣ ፊታቸውን ያዞሩ፣ ለራሳቸው የዘፈኑ ልጆች ብዙ ቆይተዋል፤ ጣፋጩ ሲሸፈንላቸው ሁሉም ይበልጥ ታግሠዋል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ሴሌስት ኪድና ባልደረቦቿ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ 28 ሕፃናትን ከሁለት ከፍለው አንድ ነገር ጨመሩበት። አስቀድመው ለግማሾቹ የተሻለ መሣያ ቀለም እንደሚያመጡ ቃል ገብተው አመጡላቸው፤ ለግማሾቹ ቃል ገብተው ሳያመጡ ቀሩ። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲታገሡ፣ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ብቻ ቆይተው ጣፋጩን በሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ ከ900 በላይ በሆኑ ልጆች ላይ ደግመው ሲመረምሩት በሙከራው ትዕግሥትና በ15 ዓመት ዕድሜ በሚገኝ የትምህርት ውጤት መካከል ያለው ግንኙነት ከቀድሞው ግማሽ ያህል ሆነ፤ የቤተሰብ ሁኔታና የልጁ የቀድሞ ችሎታ ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ሁለት ሦስተኛው ጠፋ።

ይህ ሁሉ ለማቻከሉ ወንድማችን ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ፍልሰታን የጾመችው ልጅ ለምን ስልክ አቃታት? በፍልሰታ ቤቱ በሙሉ ይጾማል። ምጣዱ አይጣድም፣ ጎረቤቱም አይበላም፣ እኩዮቿ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ቅዳሴው እንደሚወጣና ማዕዱ እንደሚቀርብ ደግሞ ቅንጣት አትጠራጠርም። ረኀቡ እውነት ነው፣ ራሷን መግዛቷም እውነት ነው፤ ነገር ግን ያቆማት የራሷ ብርታት ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሥርዓትና መጨረሻውን ማመኗ ነው። በኪራይ ቤቷ ማንም ሥርዓት አልሠራላትም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ብታጠና ውጤት እንደሚመጣ ማመኗን ትታለች። እንደማይመጣ ስለምታምነው ሁለተኛ ጣፋጭ ማን ይታገሣል? በዚያ ላይ ከላይ ያነሡትን 3.3 በመቶ ልጆች ከእኛ ከአዋቂዎች አፍ በየቀኑ ይሰማሉ፤ «ማንም አያልፍም» ብለው ይተረጉሙታል። ስልኩን መውሰድ ብቻውን መሸሻውን ይዘጋባት ይሆናል እንጂ የምትሸሸውን ነገር አያስቀርላትም። ሰዓትና ሥርዓት ያስፈልጋታል በሚለው ግን ከእርስዎ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

መልስ፦ የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ ቢቸና

እኔ የዘመናዊውን ሥነ ልቦና አላጠናሁም። በልጅነቴ በአብነት ትምህርት ቤት አልፌ ነው ወደ አስኳላ የገባሁት፤ ይህ የአባትየው ጥያቄ ግን የራሴን ሕይወት አስታወሰኝ።

አባቴ መሪጌታ ስለነበር በመንደራችን ካሉት ልጆች ዳዊት ቀድሜ የደገምሁት እኔ ነበርሁ። ቅኔ ለመማር ከቤት ርቄ ስሄድ ከሁሉ እንደምበልጥ እርግጠኛ ነበርሁ። እዚያ ስደርስ ከየአውራጃው የተሰበሰቡ የእኔ ዓይነት ልጆች ሞልተዋል፤ እኔ የመጨረሻው ሆንሁ። ቅኔ የሚጀመረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው አጭር ቅኔ ነው። ተማሪው ቀኑን ሙሉ በዛፍ ጥላ ወይም በወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ያገኘውን በየኔታ ፊት፣ በጓደኞቹ መካከል ይናገራል፤ የኔታም ያርሙታል። የእኔ ለብዙ ሳምንታት ቤቱ ይሰበር፣ ምሥጢሩ ይፈርስ ነበር። አንድ ሌሊት ደበሎዬን ጠቅልዬ ልጠፋ ተነሥቼ ነበር።

ያስቀረኝ ከእኔ በፊት የገባ አንድ ተማሪ ነው። ቁራሽ ለመለመን ስንወጣ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን፣ መንገድ ላይ የእሱን የመጀመሪያ ዓመት የተበላሹ ቅኔዎች አንድ በአንድ ይነግረኝ ነበር። በቃሉ ይዟቸዋል። የተበላሸውን እንደ ቅርስ የሚይዝ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። በቅኔ ቤት መሳሳት የየዕለት ነገር ነው፤ ዛሬ የእኔ ይታረማል፣ ነገ የእሱ፤ የመታረሙ ነገር ትንሽ ትንሹን በየቀኑ ስለሚመጣ ሰው ማንነቱ እስኪናወጥ አይደርስም። በአስኳላ ግን ልጅ መሳሳቱን የሚሰማው በመንፈቅ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቁጥር፣ በአንድ ካርድ ነው። 34ኛ የሚለው ቁጥር የት እንደተሳሳተች አይነግራትም፤ ማን እንደሆነች የነገራት ይመስላታል።

ሁሉም መልካም ነበር ለማለት አይደለም። አርጩሜው ነበረ፤ ቀስ ብለው በሌሊት የጠፉ፣ ዛሬም ስለዚያ ቤት ሲያነሡ ፊታቸው የሚለወጥ ጓደኞች አሉኝ። የአማካሪው ነገር ልክ ነው፤ እነዚያ ልጆች ጠንክረው መሥራት ያቃታቸው አልነበሩም፤ የሚያጽናና ሰው ያጡ ነበሩ።

አንድ ነገር ስለ ቃሉ ልጨምር። አማርኛችን «ሰነፍ» ሲል ሁለት ነገር ይደባልቃል። በትምህርት ቤት ውጤቱ ዝቅ ያለውን ሁሉ «ሰነፍ ተማሪ» እንላለን፤ በቤት ደግሞ ሥራ የማይወደውን «ሰነፍ» እንላለን። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አላዋቂው «ሰነፍ» ሲባል ሥራ ፈቱ «ታካች» ይባላል፤ ሁለቱ ተለይተው ነበር። ዛሬ ግን ያልገባው ልጅ በአንድ ቃል ያልሠራም ይሆናል። ይህች ልጅ «ሰነፍ ነኝ» ስትል የቱን ማለቷ ነው? አባት ሆይ፣ ጠይቋት። «አልገባኝም» ማለቷ ከሆነ ይህ ነውር አይደለም፤ መልስም አለው።

መልስ፦ የሞጣዋ

እኔም ከገጠር መጥቼ ሞጣ ተከራይቼ የተማርሁ ነኝ፤ አሁን ነርስ ነኝ። ወንዶቹ ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ አጭር ነገር ልበል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት መምህሩ የሚሉትን አልሰማም ነበር፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ብቻ እንደ ሥዕል እገለብጥ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም። የከተማ ልጆች እጃቸውን ሲያወጡ እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ አነጋገሬ ላይም ይሥቁ ነበር። ቤተሰቤ ሲጠይቀኝ «ደህና ነው» እል ነበር፤ ስንቁን የሚያዘጋጁልኝ ከሌላቸው ላይ ቀንሰው መሆኑን ስለማውቅ አልቻልሁም የማለት ድፍረት አልነበረኝም።

እንዲሁም ክፍሏን ሄደው ይመልከቱ። ሦስት ልጆች በአንዲት ክፍል፣ አንድ አምፖል፣ አንድ አልጋ ከሆነ፣ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ማጥናት አትችልም፤ በስልክ ብርሃን ማምሸት እንግዲህ ከዚያ ይጀምራል። ውጭ ያለው መጸዳጃ ቤት ሌሊት የሚያስፈራ መሆን አለመሆኑንም እናቷ ትጠይቃት፤ ለእርስዎ አትናገርም። ወደ ቤት ይመልሷት የሚለውን ግን አይቸኩሉበት፤ እሷ መባረር አድርጋ ልትወስደው ትችላለች።

የማቻከሉ አባት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነገራችሁኝን አድርጌ ስመለስ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ከቡና በኋላ የፈተና ወረቀቶቿን ዘርግተን ተቀመጥን። መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ሳልቆጣ ሦስት ወረቀት አብረን ካየን በኋላ ግን ራሷ ማሳየት ጀመረች። የአማርኛ ፈተናዋ ከክፍሉ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ሒሳብ ላይ ቁጥር ብቻ ያለባቸውን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሠርታለች፤ በዓረፍተ ነገር የተጻፉትን ግን ባዶ ትታቸዋለች። ባዮሎጂና ጂኦግራፊ ላይ ምርጫውን በግምት ነው የሞላችው። አንዱን የሒሳብ ጥያቄ እኔ በአማርኛ ተርጉሜ ስነግራት ወዲያው ሠራችው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና «ጥያቄው ይህን ነበር እንዴ የሚለው?» አለችኝ። የቢቸናው ወንድሜ እንዳሉት «ሰነፍ ማለትሽ አልገባኝም ማለትሽ ነው ወይስ አልሠራሁም?» ብዬ ጠየቅኋት። «መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ መሥራቱን ተውሁት» ስትል አለቀሰች። ካርዱን ስትሰጠኝ ያላለቀሰች ልጅ መሆኗን አስቡ።

ስልኩንም መጀመሪያ የያዘችው ቃላት ለመተርጎም ነበር፤ ቃሉን ፈልጋ ሳትጨርስ ወደ ቪዲዮ እንደምትገባ ራሷ ነገረችኝ። ክፍሏንም ሄጄ አየሁ፤ የሞጣዋ እህቴ የጻፉት ሁሉ ነበረበት። ከአከራይዋ ጋር ተነጋግረን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሦስቱም ልጆች ስልካቸውን ለእሳቸው እየሰጡ በሳሎናቸው ጠረጴዛ እንዲያጠኑ ተስማማን፤ ለመብራቱ ትንሽ ጨምረን እንከፍላለን። ሦስቱም አብረው ስለሆኑ አላጉረመረመችም። መኝታ ቤታቸውና መጸዳጃው መካከል አምፖል እንዲተከል እናቷ ጠይቃ ተተክሏል። በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፉ አሥር አዲስ የእንግሊዝኛ ቃላት በደብተር እየጻፈች ቅዳሜ ታሳየኛለች፤ የማላውቀውን እኔም አብሬያት እፈልጋለሁ። ወደ ቤት ልመልስሽ ወይ ስላት «አይሆንም» ብላኛለች።

በዚህ ሳምንት በተሰጠ የሒሳብ አጭር ፈተና ከ10 6 አግኝታለች። ይህ ትልቅ ውጤት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተሳሳተችባቸውን አራቱን ለይታ ይዛ መጣች፤ ሦስቱ ከቃል የተነሡ ናቸው ብላ አስረዳችኝ። የቡሬው መምህር፣ በሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡትን ቃላት የሚያውቁ እርስዎ ስለሆኑ አንድ ነገር ልለምንዎ እሻለሁ፤ በምን በምን ቃል እንጀምር?

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ቡሬ

ወንድሜ፣ በደስታ። ስልኩን ይውሰዱባት ማለቴ ቸኩዬ ነበር፤ ሦስቱም በፈቃዳቸው ለአከራይዋ መስጠታቸው የተሻለ ነው። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍን በሙሉ አልፌ በዓረፍተ ነገር ከሚቀርቡት ጥያቄዎች ውስጥ «ቢያንስ»፣ «ቢበዛ»፣ «ልዩነት»፣ «ተከታታይ»፣ «በእያንዳንዱ» የሚል ፍቺ ያላቸውን የመሰሉ ወደ አርባ የእንግሊዝኛ ቃላት መርጬ ከነአማርኛ ፍቺያቸውና ከአንድ አንድ ምሳሌ ጋር እዚሁ እለጥፋለሁ። እስከ እሑድ ስጡኝ። ለእኔም ክፍል ያስፈልጋል፤ ባዶ የተተዉ ወረቀቶችን ሳርም ኖሬ ጥያቄውን በአማርኛ አንብቤላቸው አላውቅም ነበር፤ ሰኞ ከ9ኛ «ለ» ክፍል ጋር እጀምረዋለሁ።